የኑክሊየር አደጋ የጽዳት ዕዳ፦ ከፋዩ ማን ነው?



አንድ ፋብሪካ ወይም የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሲቋቋም ትርፉ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ተጽፎ ይቀመጣል። ባለአክሲዮኑ ድርሻውን፣ ባንኩ ወለዱን፣ መንግሥትም ግብሩን ያውቃል። አደጋ ቢደርስ ግን መርዙን ማን እንደሚያጸዳ፣ ለጽዳቱም ማን እንደሚከፍል በግልጽ ሳይጻፍ የቀረበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። ይኸውም በኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ላይ አደጋ ሲደርስ የጽዳቱ ወጪ ከማን ኪስ ይወጣል? የሚለው ጥያቄ ነው።

«ይህ የሀብታም አገሮች ጣጣ ነው፤ እኛን ስደተኞችን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ነገሩ ከምናስበው በላይ ወደ እኛ ቀርቧል። የምንኖርባት ኬንያ የኑክሊየር ጣቢያ ለመትከል የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ካቋቋመች ከ10 ዓመት በላይ ሆኗታል። መጀመሪያ የታሰበው ቦታ በባሕር ዳርቻ በኪሊፊ ካውንቲ የሚገኘው ኡዮምቦ ነበር። የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎችና ገበሬዎች ተቃውሞ ስላነሱ በ2025 የመንግሥት ዓይን በቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ወደ ሲያያ ካውንቲ ዞሯል። አገራችን ኢትዮጵያም በመስከረም 2025 በሰላማዊ የኑክሊየር ኃይል ረገድ ከሩሲያ ጋር ለመሥራት ሞስኮ ላይ ተፈራርማለች። እንግዲህ ዛሬ በየክፍሉ የተቀመጣችሁ ልጆች ለአካለ መጠን ስትደርሱ በአንዱ ወይም በሌላው አገር የዚህ ጉዳይ ባለቤቶች መሆናችሁ አይቀርም። አንዳንዶቻችሁ መሐንዲስ ሆናችሁ ትሠሩበታላችሁ፤ ሁላችሁም ደግሞ የመብራት ሒሳብ ትከፍላላችሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጣቢያው እንዴት ይሠራል?

የኑክሊየር ጣቢያ በመሠረቱ ውኃ የሚያፈላ ትልቅ ጀበና ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ዩራኒየም የተባለው ማዕድን አተሞቹ ሲሰነጠቁ ከፍተኛ ሙቀት ይሰጣል። ሙቀቱ ውኃውን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መሣሪያ ያዞራል። የአተሞቹ ስንጠቃ የሚካሄድበት ክፍል ሪአክተር ይባላል።

የኑክሊየር ነዳጅ ከከሰል የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ጀበናውን ከምድጃው ካወረዳችሁት ይቀዘቅዛል። የሪአክተሩ ነዳጅ ግን ስንጠቃው ከቆመ በኋላም እንደተዳፈነ ረመጥ ውስጥ ውስጡን መጋሉን ይቀጥላል። ሪአክተሩ በተዘጋበት ቅጽበት እንኳን ከቀድሞው ሙቀቱ ከመቶ 6 እስከ 7 እጅ የሚሆነው ይቀራል። ይህ መጠን ትንሽ ቢመስልም የማቀዝቀዣ ውኃ ከተቋረጠበት ነዳጁን ራሱን ለማቅለጥ ይበቃል። የቀለጠው ነዳጅ የታሸገበትን ብረት ሲበሳ በዓይን የማይታይ፣ ሽታና ጣዕም የሌለው፣ ነገር ግን ሕያው አካልን የሚጎዳ ጨረር የሚረጩ ነገሮች ወደ ውኃው፣ ወደ አየሩና ወደ አፈሩ ይወጣሉ።

ጽዳት ስንል ምን ማለታችን ነው?

የፈሰሰ ዘይት በመጥረጊያና በአመድ ይጸዳል። ጨረር የሚረጭ ነገር ግን በእሳት አይጠፋም፤ በሳሙናም አይሞትም። የሚደረገው ነገር ቢኖር ከሰው አካባቢ አንስቶ ወደሌላ ቦታ ማዛወርና አሽጎ ጊዜውን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ከእነዚህ ነገሮች አንዱ የሆነው ሲዚየም 137 ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ስለዚህ ጽዳቱ ብዙ ሥራዎችን ይጠይቃል። የተበከለውን ውኃ ማጣራት፣ የቀለጠውን ነዳጅ ቆርጦ ማውጣት፣ የጣቢያውን ሕንጻ ማፍረስ፣ በአካባቢው ያለውን የላይኛውን አፈር ጠርጎ ማንሳት፣ ቆሻሻውን የሚያስቀምጡበት ቦታ መሥራት ያስፈልጋል። ሠራተኛው ጨረር ባለበት ቦታ ለረጅም ሰዓት መቆየት ስለማይችል አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን ሥራ ብዙ ሰዎች እየተቀባበሉ ይሠሩታል። ወጪው የሚንረው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

ከዚህም በላይ አንድ ከባድ ችግር አለ። አደጋው የደረሰበት ጣቢያ ኤሌክትሪክ መሸጥ ያቆማል። ገንዘብ ያስገባ የነበረው ጣቢያ በአንድ ቀን ገንዘብ በሊታ ይሆናል ማለት ነው። ባለቤቱ ኩባንያ ከፍተኛውን ወጪ የሚጠየቀው ገቢው በተቋረጠበት ሰዓት ነው። ኩባንያው ከስሮ ቢዘጋስ? መርዙ ግን ኩባንያው ከስሯል ብሎ ከቦታው አይነሳም።

አንደኛው ምሳሌ፦ ትሪ ማይል አይላንድ፣ አሜሪካ

መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በሳስኳሃና ወንዝ ደሴት ላይ በሚገኘው የትሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ ሁለተኛው ሪአክተር አደጋ ደረሰበት። ሥራ ከጀመረ ገና 3 ወሩ ነበር። አንድ ቫልቭ መዘጋት ሲገባው ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ሠራተኞቹም ይህን ባለማወቃቸው ወደ ሪአክተሩ የሚገባውን የማቀዝቀዣ ውኃ ቀነሱት። የነዳጁ ግማሽ ያህል ቀለጠ። ወደ ውጭ የወጣው ጨረር አነስተኛ ስለነበር በሕዝቡ ጤና ላይ የታየ ከባድ ጉዳት አልነበረም። ይሁን እንጂ በሕንጻው ምድር ቤት ከ2 ሚሊዮን ሊትር በላይ የተበከለ ውኃ ተጠራቀመ። ከአጠገቡ ደግሞ ሕዝብ የሚጠጣው ወንዝ ይፈስሳል።

ኩባንያው ለንብረቱ የገባው ኢንሹራንስ 300 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የጽዳቱ ወጪ ግን ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ታወቀ። አጠገቡ ያለው አንደኛው ሪአክተርም እስከ 1985 ድረስ ተዘግቶ ስለቆየ ኩባንያው ለደንበኞቹ የሚያቀርበውን ኤሌክትሪክ ከሌሎች መግዛት ነበረበት። ለባለአክሲዮኖች ይሰጥ የነበረው የትርፍ ድርሻ ተቋረጠ። ጽዳቱም በገንዘብ እጦት ተጓተተ።

በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ወገን ጣቱን ወደሌላው ይቀስር ጀመር። ደንበኞች «እኛ ያላጠፋነውን ለምን በመብራት ሒሳባችን እንከፍላለን?» አሉ። ባለአክሲዮኖች «ሕጉን ያወጣውና ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ነው» አሉ። የሌላ ግዛት ግብር ከፋዮች ደግሞ «የፔንሲልቫኒያ ጉዳይ እኛን አይመለከትም» አሉ። ሁሉም በየበኩሉ ምክንያት ነበረው፤ በመካከሉ ግን የተበከለው ውኃ ከወንዙ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

በ1981 የፔንሲልቫኒያው ገዥ ሪቻርድ ቶርንበርግ ለቀረው ሥራ የሚያስፈልገውን 760 ሚሊዮን ዶላር ወገኖቹ ሁሉ እንዲካፈሉት ሐሳብ አቀረቡ። ድልድሉ እንደሚከተለው ነበር፦

ኩባንያውና ደንበኞቹ 245 ሚሊዮን፤
ሌሎች የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በጋራ 190 ሚሊዮን፤
የፌዴራሉ መንግሥት 190 ሚሊዮን፤
ከኢንሹራንሱ የቀረው 90 ሚሊዮን፤
የፔንሲልቫኒያ ግዛት 30 ሚሊዮን፤
የኒው ጀርሲ ግዛት 15 ሚሊዮን።

ገንዘቡን ለመሰብሰብ ተጨማሪ ዓመታት ቢወስድም ሥራው በዚህ መንፈስ ተካሄደ። ጽዳቱ የተጠናቀቀው በ1993 ሲሆን 14 ዓመት ፈጅቷል። ጠቅላላ ወጪው 973 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ይህም ሪአክተሩን ለመሥራት ከወጣው ገንዘብ ይበልጣል።

እንደ እድር ያለ መፍትሔ

ከትሪ ማይል አይላንድ በኋላ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ትልቅ ጣቢያ ለራሱ ግቢ ጽዳት የሚውል ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኢንሹራንስ እንዲገባ ደንግጓል። ከዚህም ጋር አንድ ጥብቅ ደንብ አለ። አደጋ ሲደርስ የኢንሹራንሱ ገንዘብ አስቀድሞ የሚውለው ሪአክተሩን ለማረጋጋትና ለማጽዳት ነው። አበዳሪ ባንኮችና ባለአክሲዮኖች ተራቸውን ይጠብቃሉ። መርዙን ማጽዳት ከዕዳ ሁሉ ይቀድማል ማለት ነው።

ከጣቢያው ውጭ በሕዝብ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ በ1957 የወጣ ሌላ ሕግ አለ። አሠራሩን ለመረዳት እድራችንን ማሰብ ይበቃል። በእድር እያንዳንዱ አባል በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። ከባድ ችግር ሲያጋጥምና ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሳይበቃ ሲቀር አባላቱ ተሰብስበው ተጨማሪ መዋጮ ያወጣሉ። የአሜሪካ ጣቢያዎችም እንዲሁ ናቸው። አደጋ የደረሰበት ጣቢያ መጀመሪያ ከራሱ ኢንሹራንስ ይከፍላል። ይህ ካልበቃ በአገሪቱ ያሉት ሪአክተሮች ባለቤቶች ሁሉ ያዋጣሉ። በዚህ መንገድ ሊሰበሰብ የሚችለው ገንዘብ 16 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይደርሳል።

የዚህ እድር ጥቅሙ ገንዘብ መሰብሰቡ ብቻ አይደለም። የአንዱ ስሕተት የሌላውን ኪስ ስለሚነካ አባላቱ እርስ በርስ ይቆጣጠራሉ። ጉድለትም አለው። ከ16 ቢሊዮን በላይ የሚሆን ጉዳት ቢደርስ የቀረውን ማን እንደሚከፍል የሚወስነው የአገሪቱ ምክር ቤት ነው። ቀጥሎ እንደምናየው ደግሞ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ አደጋ ደርሷል።

ሁለተኛው ምሳሌ፦ ቼርኖቢል

ሚያዝያ 26 ቀን 1986 በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ሥር በነበረችው በዩክሬን የቼርኖቢል ጣቢያ አራተኛው ሪአክተር ፈነዳ። በዚያ አገር ጣቢያውም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ግንበኛውም መንግሥት ነበር። ስለዚህ ማን ይክፈል የሚል ክርክር አልተነሳም፤ መንግሥት ከፈለ። ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች፣ ማዕድን ቆፋሪዎችና ሠራተኞች በጽዳቱ ተሰማርተዋል። የፈነዳውን ሪአክተር የሚሸፍን የሲሚንቶና የብረት ሣጥን በጥቂት ወራት ውስጥ ተሠራ። በጊዜ ሂደት 350 ሺህ ያህል ሰዎች ከመኖሪያቸው ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፍረዋል።

ከ5 ዓመት በኋላ ግን ሶቪየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። ዕዳው ጣቢያውን ላልሠሩት አዲስ መንግሥታት ተረፈ። የቤላሩስን ጉዳይ ተመልከቱ። ጣቢያው በምድሯ ላይ አልነበረም፤ ነፋሱ ግን ብዙውን ብክለት ወደ እርሷ ነዳው። በ1991 ከመንግሥት በጀቷ ከመቶ 22 እጅ የሚሆነው ለቼርኖቢል ጉዳይ ወጣ። ወጪውን ለመሸፈን ከድርጅቶች የደመወዝ ወጪ ላይ የሚታሰብ ልዩ የቼርኖቢል ቀረጥ ተጣለ። አደጋው ሲደርስ ያልተወለዱ ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙም ዕዳው ይጠብቃቸው ነበር። «የአባት ዕዳ ለልጅ» የሚባለው ይህን የመሰለውን ነው።

በጥድፊያ የተሠራው ሣጥን መሰነጣጠቅ ሲጀምር ዩክሬን ብቻዋን አዲስ መሥራት አልቻለችም። በ1997 በአውሮፓ የመልሶ ግንባታና የልማት ባንክ ሥር አንድ ልዩ ፈንድ ተቋቋመ። 45 አገሮች ገንዘብ አዋጡ። በዚህም 108 ሜትር ከፍታ፣ 257 ሜትር ስፋትና 36 ሺህ ቶን ክብደት ያለው ግዙፍ የብረት ቅስት ተሠርቶ በ2016 በአሮጌው ሣጥን ላይ ተንሸራትቶ እንዲያርፍ ተደረገ። ቅስቱ ብቻ 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ፈጅቷል። 100 ዓመት እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን በየካቲት 2025፣ በጦርነቱ መካከል፣ አንድ ሰው አልባ አውሮፕላን መትቶ ጣሪያውን ቀደደው። እንደገና ገንዘብ መፈለግ ግድ ሆነ። ለጽዳት አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል እንደሌለ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የተጎዱት ጎረቤት አገሮችስ ካሳ አገኙ? አላገኙም። ሶቪየት ኅብረት ስለ ኑክሊየር ጉዳት ካሳ የሚደነግገውን የ1963 የቪየና ስምምነት ስላልፈረመች ለማንም የውጭ አገር አልከፈለችም። ከቼርኖቢል ብዙ ርቃ በምትገኘው በዌልስ የበግ አርቢዎች እስከ 2012 ድረስ በጎቻቸው ሳይመረመሩ ለገበያ እንዳይወጡ ቁጥጥር ይደረግባቸው ነበር። ለዚህ የተከፈላቸውም ከራሳቸው አገር መንግሥት ነበር።

ሦስተኛው ምሳሌ፦ ፉኩሺማ፣ ጃፓን

መጋቢት 11 ቀን 2011 በጃፓን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በፉኩሺማ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ሪአክተሮች እንደታሰበው ወዲያው ራሳቸውን አጠፉ። ሆኖም ከመንቀጥቀጡ በኋላ የመጣው የባሕር ማዕበል አጥሩን ዘልሎ የማቀዝቀዣውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱትን ጄኔሬተሮች አሰጠማቸው። ከላይ የጠቀስነው ረመጥ ሥራውን ሠራ፤ የሦስት ሪአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ። ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸውን፣ ከብታቸውንና የዘመዶቻቸውን መቃብር ትተው ወጡ። «ከጥቂት ቀን በኋላ እንመለሳለን» ብሎ በር ቆልፎ መውጣት ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያስፈልግም።

የጃፓን መንግሥት በ2016 ወጪውን 21.5 ትሪሊዮን የን ገመተው። ከዚህ ውስጥ 8 ትሪሊዮን ሪአክተሮቹን ለማፍረስ፣ 7.9 ትሪሊዮን ለተፈናቃዮች ካሳ፣ 4 ትሪሊዮን አፈሩንና መንደሮቹን ለማጽዳት፣ 1.6 ትሪሊዮን ደግሞ የተጠረገውን አፈር ለጊዜው ለማከማቸት የሚውል ነው። በ2023 ግምቱ ወደ 23.4 ትሪሊዮን የን ከፍ ብሏል።

ባለቤቱ ኩባንያ ቴፕኮ ይህን ሁሉ ብቻውን ከከፈለ እንደሚከስር ግልጽ ነበር። ከከሰረ ደግሞ ጽዳቱን የሚሠራ፣ ካሳውንም የሚከፍል አይገኝም። ስለዚህ መንግሥት በ2012 አንድ ትሪሊዮን የን አስገብቶ ኩባንያውን በእጁ አደረገው። ለካሳ የሚሆነውን ገንዘብ በልዩ ድርጅት በኩል ያበድራል፤ ቴፕኮና ሌሎቹ የኑክሊየር ጣቢያ ያላቸው ኩባንያዎች በየዓመቱ ይመልሳሉ። ኩባንያዎቹ የሚመልሱት ግን ከየት አምጥተው ነው? ከኤሌክትሪክ ሒሳብ ነው። ከ2020 ጀምሮም የካሳው አንድ ክፍል በኤሌክትሪክ መስመር ኪራይ ላይ እንዲታሰብ ተደርጓል። በመሆኑም ከኑክሊየር ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው አዲስ ኩባንያ መብራት የሚገዛ ጃፓናዊም ይከፍላል።

ጥፋተኛ የተባሉት ኃላፊዎችስ? በ2022 የቶኪዮ ፍርድ ቤት አራት የቀድሞ የቴፕኮ ሹማምንት ለኩባንያው 13 ትሪሊዮን የን ያህል እንዲከፍሉ ፈርዶ ነበር። አራት ሰዎች ቀርቶ አራት ከተሞችም ሊከፍሉት የማይችሉት ገንዘብ ነው። በ2025 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማዕበሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል አልነበረም በማለት ፍርዱን ሻረው።

ሥራው ገና ብዙ ይቀረዋል። በሦስቱ ሪአክተሮች ውስጥ 880 ቶን ያህል የቀለጠ ነዳጅና ፍርስራሽ አለ። በ2024 በሮቦት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ ለምርመራ የተወሰደው ናሙና አንድ ግራም እንኳን አይሞላም።

ወደ ራሳችን አካባቢ ስንመለስ

ኬንያም ሆነች ኢትዮጵያ የኑክሊየር አደጋ አልደረሰባቸውም። ያው ጥያቄ ግን በሌላ መርዝ ምክንያት ተነሥቶባቸዋል።

ሞምባሳ ውስጥ ኦዊኖ ኡሁሩ የተባለ 3,000 ያህል ሰዎች የሚኖሩበት የድሆች ሰፈር አለ። ከሰፈሩ ጥግ በ2007 አካባቢ አሮጌ የመኪና ባትሪ እያቀለጠ እርሳስ የሚያወጣ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። (እርሳስ ስንል ከባዱን ብረት ማለታችን ነው እንጂ የምንጽፍበትን አይደለም፤ በምንጽፍበት ውስጥ ያለው ግራፋይት ይባላል።) የፋብሪካው ጢስና ፍሳሽ ወደ ሰፈሩ ገባ። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ያስተምራል።

በፋብሪካው ተቀጥራ ትሠራ የነበረችው ፊሊስ ኦሚዶ ሕፃን ልጇ ታሞ በደሙ ውስጥ እርሳስ ሲገኝ ሥራዋን ትታ የሰፈሩን ሰዎች አስተባበረች። ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ፤ እርሷም በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተሰጣት። በሐምሌ 2020 የሞምባሳ የአካባቢና የመሬት ፍርድ ቤት ለነዋሪዎቹ 1.3 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ እንዲከፈልና ሰፈሩ እንዲጸዳ ፈረደ። ፍርዱ ኩባንያዎቹን ብቻ ሳይሆን ፈቃድ የሰጡትንና መቆጣጠር ሲገባቸው ያልተቆጣጠሩትን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ተጠያቂ አድርጓል። በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ቢያነሳውም በታኅሣሥ 2024 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መልሶ አጸናው። ከፋብሪካው መዘጋት እስከዚህ ፍርድ 10 ዓመት አልፏል። በ2014 አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ በዚህ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደርሷል። በደሙ ውስጥ የገባው እርሳስ ቀጠሮ እንዳልጠበቀው ግልጽ ነው።

በኢትዮጵያ ደግሞ ለአንበጣና ለተምች መከላከያ ተብሎ ከብዙ ዓመት በፊት የገባ፣ ጊዜው ያለፈበት የጸረ ተባይ መድኃኒት በየመጋዘኑ ተከማችቶ ነበር። በርሜሎቹ ዝገው ይፈሱ ጀመር። አገሪቱ ይህን መርዝ በደኅና የሚያቃጥል ምድጃ አልነበራትም። ከ2000 ጀምሮ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት አስተባባሪነት፣ ከለጋሽ አገሮች በተገኘ ገንዘብ፣ ከ1,500 ቶን በላይ የሚሆነው እንደገና ታሽጎ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተወስዶ ተቃጠለ። መድኃኒቱን ሠርተው ሸጠው ያተረፉት የዚህን ወጪ ዋና ክፍል አልተሸከሙም። ለመግዣው ገንዘብ ሲመደብ ለማስወገጃው የተመደበ አልነበረም።

አራት ኪሶች

ከእነዚህ ምሳሌዎች አንድ ነገር መረዳት ይቻላል። ለጽዳት የሚወጣ ገንዘብ የሚገኘው ከአራት ኪሶች ነው። አንደኛው የባለቤቱ ኪስ ነው። ሁለተኛው አስቀድሞ የተጠራቀመ የኢንሹራንስ ወይም የመዋጮ ሣጥን ነው። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው ሰው ኪስ ነው። አራተኛው የግብር ከፋዩ፣ አንዳንዴም የውጭ ለጋሽ ኪስ ነው። ከአራቱም በቂ ገንዘብ ሲጠፋ አምስተኛ ከፋይ ይመጣል፤ እርሱም በመርዙ አጠገብ የሚኖረው ድሃ ነው። እርሱ የሚከፍለው በሳንባውና በልጆቹ ደም ነው።

ፍትሕ የሚለው ያበላሸ ያጽዳ ነው። የኬንያ የአካባቢ ሕግም ይህንኑ መርሕ ተቀብሏል። ነገር ግን ያበላሸው መክፈል የማይችል ከሆነ መርሑ ብቻውን አንድ ሊትር ውኃ አያጣራም። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር ገንዘቡ ከአደጋው በፊት መቀመጡ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ስለ ቤት ቃጠሎ ብቻ አልነበረም።

ወላጆች ለስቲማ ቶክን ስትገዙ በስልካችሁ የሚመጣውን መልእክት ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንብቡት። ከከፈላችሁት ሽልንግ ውስጥ ለነዳጅ፣ ለውጭ ምንዛሪ ለውጥ፣ ለገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ እየተባለ የሚቆረጥ አለ። የጃፓኑ ቤተሰብ የፉኩሺማን ዕዳ የሚከፍለው ልክ እንዲህ ባለች ትንሽ መስመር በኩል ነው። ስደተኛ በምርጫ ባይሳተፍም ይህችን መስመር ግን ይከፍላል። ስለዚህ የመጠየቅ መብት አለው።

የኑክሊየር ጣቢያም ሆነ የባትሪ ማቅለጫ በአካባቢው ሊቋቋም ነው ሲባል ማንም ሰው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

አንደኛ፣ አደጋ ቢደርስ ለጽዳት የሚሆን ገንዘብ ተቀምጧል ወይ? ስንት ነው? በማን እጅ ነው?
ሁለተኛ፣ ኩባንያው ቢከስር ወይም አገር ጥሎ ቢሄድ ዕዳውን ማን ይረከባል?
ሦስተኛ፣ በቅድሚያ የሚከፈለው ለጽዳቱ ነው ወይስ ለአበዳሪዎች?
አራተኛ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከኩባንያው ተጽዕኖ ነጻ ነው ወይ?
አምስተኛ፣ የተጎዳ ሰው ካሳ ለማግኘት ስንት ዓመት ይጠብቃል?

እነዚህን መጠየቅ የኑክሊየር ኃይል ተቃዋሚ መሆን አይደለም። በዓለም ላይ 400 ያህል ሪአክተሮች ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ አብዛኞቹም ከባድ አደጋ አልደረሰባቸውም። ሙሽራ የሚያጋባ ቤተሰብ አስቀድሞ ስለ ውሉ ይነጋገራል፤ ይህን ማድረጉ ትዳሩን ጠልቶ አይደለም።

በመጨረሻ ዛሬውኑ በእጃችን ስላለው ነገር አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። አሮጌ የመኪና ባትሪ በቤት ወይም በግቢ ውስጥ አትፍቱ፤ አታቃጥሉ፤ ልጆች እንዲጫወቱበት አትፍቀዱ። በጋራዥ ወይም በብረት ሥራ የሚውል የቤተሰብ አባል ወደ ቤት ሲገባ ልጆቹን ከማቀፉ በፊት እጁን ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱንም ለብቻ አድርጎ ይጠበው። ይህ ጽዳት ትልቅ ወጪ የለውም፤ ከፋዩም ማን እንደሆነ አያከራክርም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. በ1981 ለትሪ ማይል አይላንድ ጽዳት የቀረበውን ድልድል ደምሩ። ኩባንያውና ደንበኞቹ እንዲከፍሉ የታሰበው ከመቶ ስንት እጅ ነው?
2. የጃፓን ሕዝብ ብዛት 124 ሚሊዮን ነው ብንል 23.4 ትሪሊዮን የን ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል ስንት ይደርሳል?
3. ሪአክተር ከተዘጋ በኋላም ውኃ ለምን ያስፈልገዋል? በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ።
4. በክፍላችሁ በአራት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ኩባንያውን፣ አንዱ የመብራት ደንበኛውን፣ አንዱ መንግሥትን፣ አንዱ ደግሞ በጣቢያው አጠገብ የሚኖረውን ሕዝብ ወክሎ «ዕዳውን ማን ይክፈል?» በሚለው ላይ ተከራከሩ። ከክርክሩ በኋላ ቦታ ተለዋውጣችሁ እንደገና ተከራከሩ።